ከወንዙ ማዶ የቆመው ካፖርት

ያኔ ጂማ ሲኒማ ቤት በር ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበር። በቀለም የተሳለ የሰው ፊት፣ ከስሩ በቀይ ጽሑፍ «ለሽልማት የታጨ!»። የት አገር ታጨ? ማን አጨው? ሽልማቱን አገኘ ወይስ ባዶ እጁን ተመለሰ? ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው አጣሁ። ትኬት ቆራጩን አንድ ቀን ብጠይቀው፣ «ታጭቷል አልንህ፤ የሠርጉን ቀን ደግሞ እኛ እንቁረጥልህ?» ብሎ ከኋላዬ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ አሳቀብኝ።

እኔ ከጂማ ወጣ ባለችው በሸቤ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ነበርኩ። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ መድኃኒት ለመረከብ በቡና ጭነት መኪና ጂማ እመጣለሁ፤ ካርቶኖቼን እዚያው ጂማ መርካቶ አንድ የማውቀው ሱቅ አስቀምጥና የከሰዓቱን ፊልም እገባለሁ። የፊልም ፍቅር ስለያዘኝ እንዳይመስላችሁ። ከሰው ጎን መቀመጥ ስላማረኝ ነው። ሸቤ ውስጥ ከሰው ጎን የምቀመጠው መርፌ ልወጋው ሲሆን ብቻ ነበር። ከደጋ የመጣሁ ዘመድ የለሽ ነኝ፤ ከተማው በሙሉ «ሀኪሙ» ይለኛል፤ ስሜን የሚጠራኝ ሰው ሳላገኝ ሦስት ዓመት ሞላኝ። ደብዳቤ የሚጽፍልኝም አልነበረም።

እሁድ ወደ ሸቤ ስመለስ ግን የሚጠብቁኝ አንድ ሰው ነበሩ፣ አከራዬ። እማማ እላቸዋለሁ። ባላቸው የሞተባቸው፣ ጓሯቸው ውስጥ ጥቂት የቡና እግር ያላቸው ሙስሊም ሴት ናቸው። የሳቸውን ክፍልና የኔን የሚለየው ስስ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ሲያስነጥሳቸው እዚህ ማዶ ሆኜ «ይማርዎ» እላለሁ። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ እሱንም ለብሔራዊ ውትድርና ወስደው ወደ ሰሜን ልከውባቸዋል። ደብዳቤ ሲመጣ የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ መልሱንም እኔ እጽፋለሁ። የቀበሌ ሰዎች መሠረተ ትምህርት ግቡ እያሉ ቤት ለቤት ሲዞሩ፣ «እኔ ዓይን አለኝ፤ እዚያ ጓዳ አከራይቼዋለሁ» ብለው መለሷቸው። ይህን ሲሉ ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

እሁድ ከሰዓት እሳቸው ሰሌን ላይ የተሰጣውን ጀንፈል ቡና በእጃቸው እያገላበጡ፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ፊልም እተርክላቸዋለሁ። በሕይወታቸው ፊልም የሚባል ነገር አይተው አያውቁም። አስተያየት ለመስጠት ግን ማንም አይቀድማቸውም።

«ሀኪሜ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አየህ?»

«አይጠይቁኝ እማማ። አንድ ሰው ባቡር ላይ ይሳፈራል፣ በመስኮት በረዶ ያያል፣ ያያል፣ ያያል፣ ከዚያ ይወርዳል። አለቀ። ለሽልማት ታጭቷል ይላሉ፤ ለመስኮቱ ካልሆነ በቀር ለምን እንደሆነ እንጃ!»

እጃቸውን ከቡናው ላይ አነሱ። «ያ ሁሉ ሰው ተሳፍሮ፣ አንድም ‹እህል ቀምሰሃል ወይ?› ያለው የለም?»

«የለም።»

«እንግዲያ መስኮት ባያይ ምን ያድርግ? አንተም እኮ እዚህ የመጣህ ሰሞን እንደዚያ ነበርክ፣ ኢልመ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው።

ሳቅኩ። ማታ ክፍሌ ገብቼ ሳስበው ግን አልሳቅኩም። አንዱን የህንድ ፊልም «ዘፈኑ በዛ» ብዬ ሳጣጥልም ተቆጡኝ፤ «ያዘነች ሴት ዝም ካለች ማን ይሰማታል?» አሉ። እውነቴን ነው፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማረ ሰው ስለ ፊልም ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ የሳቸውን ያህል የገባው አላጋጠመኝም።

ከዚያ የታንኳዋ እናት ፊልም መጣ። ይሄኛውስ ለሽልማት መታጨቱ አይገርምም። አንዲት እናት ሰፊ ወንዝ ዳር ትኖራለች፤ ሥራዋ ሰው በታንኳ ማሻገር ነው። አንድ ልጇ ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሶ ጦርነት ሊሄድ ሲል በገዛ እጇ ቀዝፋ ታሻግረዋለች። ከዚያ በኋላ ከማዶ ሰው በተጣራ ቁጥር እሱ እየመሰላት ትሮጣለች። ክረምት ያልፋል፣ በጋ ያልፋል። አንድ ቀን ያንን ካፖርት የለበሰ ሰው ከማዶ ቆሞ እጁን ያወዛውዛል። እየሳቀች፣ እያለቀሰች ትቀዝፋለች። ደርሳ ሰውየው ባርኔጣውን ሲያወልቅ፣ ልጇ አይደለም። የልጇ ጓደኛ ነው። ካፖርቱን ሊመልስላት ነው የመጣው።

ሲኒማ ቤቱ ውስጥ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በማግስቱ ለእማማ ስተርክላቸው ካፖርቱ ከማዶ እስኪታይ ድረስ በደንብ መጣሁ። እዚያ ላይ ቀና ስል እጃቸው ቡናው ውስጥ ደርቆ ቀርቷል። ከልጃቸው ደብዳቤ ከመጣ ሦስት ወር አልፎ ነበር።

«ከዚያስ?» አሉኝ። «ባርኔጣውን አወለቀ፣ ከዚያስ?»

«ልጇ ነው» አልኩ። «ራሱ ነው እማማ፣ መጣ።»

«አልሀምዱሊላህ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ ጀንፈሉ ከመዳፋቸው ላይ እየረገፈ እንባቸው ወረደ። «ሽልማቱን ለሷ ይስጧት! ለማንም አይስጡ፣ ለሷ!»

በዚያው ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን በየእሁዱ «ያቺን የታንኳዋን ድገምልኝ» ይሉኝ ጀመር፣ እኔም ስደግም እጨምራለሁ። ስታገኘው ምን አበላችው? ገንፎ። በበረዶ አገር ገንፎ አለ እንዴ? አለ። ከስቶ ነበር? ትንሽ። ውሸቱ እያደገ ሲሄድ እኔም ደስ እያለኝ መጣ፤ ምክንያቱም የሚጠብቀኝ ሰው አገኘሁ፣ እሁድ አጭር ሆነልኝ። ለሳቸው አዝኜ ነው የዋሸሁት እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ቢያንስ ግማሹ ለራሴ ነበር።

በዚህ መሀል ተንቀሳቃሽ ሲኒማ ሸቤ ሊመጣ ነው ተባለ። ከአውራጃው መኪና ይመጣል፣ እሁድ ከሰዓት የቡና መጋዘኑ ውስጥ ለሕዝብ ይታያል፤ በነፃ ነው። ማስታወቂያው ክሊኒካችን ግድግዳ ላይም ተለጠፈ። አንዴ አንብቤ ደግሜ አነበብኩት። ያው ፊልም ነው። ወንዙ፣ ታንኳው፣ ከስሩም በቀይ ጽሑፍ መታጨቱ።

ሦስት ቀን ሙሉ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዋልኩ። አልነገርኳቸውም። ሞተሩ ይበላሻል፣ ዝናብ መንገዱን ይዘጋዋል እያልኩ ተስፋ አደረግኩ። እሁድ ጠዋት አዲስ ሻርፕ አጣፍተው ብቅ ሲሉ፣ «እማማ፣ ሰው ይበዛል፣ ይታፈናሉ፣ ባይሄዱስ?» አልኳቸው።

«ወላሂ እሄዳለሁ! ሳላየው እንዲህ የማውቀውን፣ አይቼው ደግሞ እንዴት ልሆን ነው!»

መጋዘኑ በሮቹ ተዘግተው ጨልሟል፤ የደረቅ ቡና ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ወገን ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በሩ ጋ ቆምኩ። ፊልሙ የሚናገረው በባዕድ ቋንቋ ነው፤ በድምፅ ማጉያ ይተረጉማል የተባለው ሰውዬ ከመኪናው ጋር ሳይመጣ ቀርቷል። ሴቶቹ «ማል ጄዴ? ምን አለ?» እያሉ መንጫጫት ሲጀምሩ እማማ ከመሀል ተነሱ።

«ዝም በሉ፣ እኔ አውቀዋለሁ» አሉ።

ከዚያ በኦሮምኛ መተረክ ጀመሩ፣ አማርኛም ጣል እያደረጉ። ይህቺ እናቱ ናት። አሁን ልታሻግረው ነው። አሁን ካፖርቱን ትቆልፍለታለች፣ እዩ። ያሉት ሁሉ አንሶላው ላይ እየመጣ ሴቶቹ ጉድ አሉ። ወንዶቹም ሳይቀሩ ጆሯቸውን ወደሳቸው አዞሩ። እንደዚያ ቀን ኮርተው አይቻቸው አላውቅም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ካፖርቱ ከማዶ ታየ።

«ዱፌ! ዱፌ!» አሉ እማማ፣ መጣ፣ መጣ እያሉ። «ይኸው ልጇ! አሁን ባርኔጣውን ያወልቃል፣ እዩት!»

አንዳንዶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ።

ጭብጨባው ተቋረጠ። ሌላ ፊት ነው፣ ያ ጓደኛው፣ ቀላ ያለ፣ ጠባሳ ያለበት። እናትየዋ ታንኳው ውስጥ ቁጭ ስትል ሴቶቹ ወደ አንሶላው ማየት ትተው ወደ እማማ ዞሩ። አንዷ ቀስ ብላ «ማል ጄዴ?» አለቻቸው። እማማ ወደ አንሶላው የዘረጉትን እጅ መልሰው ሻርፓቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። አፈርኩ። ፈራሁም።

ወደ ቤት ቀድመውኝ ሄዱ። እኔም ከኋላቸው እግሬን እየጎተትኩ ነው። ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር፣ ቁጣውን በወደድኩት።

«ደብዳቤዎቹስ?» አሉኝ።

«በደብዳቤ ላይ አንዲት ቃል ጨምሬ አላውቅም፣ እማማ።»

«ቀንሰህስ?»

የለም ብል ያልቅ ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን መዋሸት አስጠላኝ፤ ሰው እውነት የሚናገርበትን ቀን አይመርጥም መሰለኝ።

«አንዴ» አልኩ። «ወባ ይዞት ነበር። ድኖ ነው የጻፈው። እንዳይጨነቁብኝ ብዬ…»

«ጭንቀቴን ማን አንተ ላይ ጣለው?» አሉ። «የኔ እኮ ነው። የልጄ ነው።»

በማግስቱ ደብዳቤዎቹን በሙሉ በመሀረብ ቋጥረው ቀበሌ ጸሐፊው ዘንድ ሄዱ። ሁሉንም አነበበላቸው፤ የወባዋንም ጭምር። «እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» የሚለው ጋ ሲደርስ፣ «እውነት እንደዚያ ይላል?» ብለው አስቆሙት። ይላል አላቸው። አላመኑም። መስጊድ ወደሚያስተምሩት ሼህ ሄዱ፣ ሼሁም አነበቡላቸው። አላመኑም። ተመልሰው ጸሐፊውን ደግመው ሲያስነብቡት ሰልችቶት፣ «እማማ፣ የተጻፈውን ነው እኮ የማነበው!» ብሎ ጮኸባቸው። «ሀኪሙም እንደዚያ ነበር የሚለኝ» ብለው ወጡ። ይህን የነገረኝ ጸሐፊው ራሱ ነው፣ ሊወጋ መጥቶ። ከልጃቸው የሚደርሳቸው ነገር ቢኖር «ደህና ነኝ» የምትለዋ ቃል ብቻ ነበረች፤ እሷን ነው ያበላሸሁባቸው።

በሳምንቱ መሠረተ ትምህርት ገቡ። ዓይን አለኝ ያሉት ሴትዮ ከአሥር ሰዓት በኋላ ሰሌዳቸውን በብብታቸው ይዘው በፊቴ ያልፋሉ። ሰላምታ አልነፈጉኝም፣ ያ ነው የባሰው። «እንዴት ዋልክ?» ይላሉ፣ ያልፋሉ። ኢልመ ኮ ግን ቀረች።

እኔ ጂማ መሄዴን አልተውኩም። የታጨ አየሁ፣ ያልታጨ አየሁ። ስለ ሁሉም አስተያየት አለኝ፣ የምነግረው ሰው የለኝም። አንዴ ለአንድ ገበሬ ቁስሉን እያጠብኩለት ስለ አንድ የፈረስ ፊልም ብጀምርለት፣ «ጌታዬ፣ እግሬን ጨርስልኝ» አለኝ። እሁድ ከሰዓት ደረጃው ላይ ስቀመጥ እማማ ጀንፈላቸውን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያገላብጣሉ። ያ ባቡር ላይ የነበረው ሰውዬ ለምን እንደታጨ አሁን ገባኝ።

ወራት አለፉ። የልጃቸው ደብዳቤ እንደገና መምጣቱን ያወቅኩት ፖስታው ሲቀደድ በግድግዳው በኩል ሰምቼ ነው። መጽሐፌን ዘጋሁ። ማንም አልጠሩም። ብቻቸውን ጀመሩ፣ ፊደል በፊደል፣ እየተደናቀፉ፣ እየተመለሱ።

«ለ… ጤ… ና… ሽ…»

አንዷን መስመር ለመጨረስ ምን ያህል እንደፈጀባቸው አልነግራችሁም። እኔ ከዚህ ወገን ሆኜ እያንዳንዱን ቃል ቀድሜ እገምተዋለሁ፣ አፌን ግን በእጄ ይዣለሁ። «እ… ኔ… ደ… ህ… ና…» ላይ ቆሙ። እንደገና ከመጀመሪያው አነበቡት። ሦስተኛ ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ፤ የሐዘን ለቅሶ አልነበረም። ልጃቸው በመጨረሻ ይመለስ አይመለስ ሳላውቅ በተከታዩ ዓመት ተዛውሬ ሄድኩ፤ ያን ቀን ግን ደህና መሆኑን ከማንም አፍ ሳይሆን ከገዛ ዓይናቸው ሰሙ።

ከእንባቸው በኋላ ወደ መጨረሻው ሄዱ፣ የወታደር ደብዳቤ ሁሉ ሰላምታ የሚደረድርበት ቦታ። የአጎት፣ የጎረቤት፣ የሼሁ። ከዚያ ዝም አሉ። ተኙ መሰለኝ።

ግድግዳው ሁለቴ ተንኳኳ።

«ሀኪሙ» አሉ እማማ።

«አቤት!»

«ለአንተም ሰላም ብሎሃል።» ወረቀቱ ሲታጠፍ ተሰማኝ። «አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

ግድግዳውን መልሼ ሁለቴ አንኳኳሁ።