ሦስተኛዋ ገዢ

ዙለይካን ያወቅኋት ሸሚዝ ላስተኩስ ሄጄ ነው። እኔ ጅቡቲ ወደብ ላይ በትራንዚት ሥራ የምውል ሰው ነኝ፤ ላብ ልብሴን ይጨርሰዋል። እሷ ደግሞ ካርቲየ ሰባት በሚባለው ሠፈር ውስጥ፣ ከአንድ ጫት መሸጫ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ልብስ አጥባ ትተኩሳለች። የድሬዳዋ ልጅ ናት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ መጥታ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ተቀጥራ ኖረች። ከዚያ አንድ የወደብ ክሬን ሠራተኛ አገባች፤ በእሱ የአገሩን ዜግነት አገኘች። ባሏ ሲሞትባት ዘመዶቿ ነይ ግቢ ብለው ላኩባት። እሷ ካውያ ገዛች።

አጭር ናት፤ ድምጿ ግን መንገድ ተሻግሮ ይሰማል። እንደ ድሬ ልጅ ሁሉ "አንቱ" የሚባል ነገር አታውቅም። ሽማግሌም ይሁን ፖሊስ፣ ሁሉም "አንተ" ነው።

ቤት ልግዛ ብላ የተነሣችው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። ደህና ቤት ለመግዛት አቅሟ አልፈቀደም። ስለዚህ ሌላው የሚሸሸውን ፈለገች፤ ጣሪያው የተገለጠ፣ ወራሾቹ የተበተኑበት፣ ሰው ያልገባበት። ጠግኜ አከራየዋለሁ አለች። ዘይድ የሚባል ደላላ ከሱቋ ብዙም ሳይርቅ አንድ ባለ አራት ክፍል ቤት አሳያት። ባለቤቱ ሞቷል፤ የጓሮው ክፍል ጣሪያ በአንድ የጎርፍ ዓመት ወድቋል። ከፊት ያሉት ክፍሎች ግድግዳ ግን ነጭና ለስላሳ ነበር።

"እህቴ፣ ግድግዳውን እይው" አላት ዘይድ። "የጎደለው ጣሪያ ብቻ ነው።"

በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ወደደችው። የሟቹ ታላቅ ልጅ ሙሰዲቅ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ውል አምጥቶ ፈረመ። ዙለይካ ፈረንሳይኛ አቀላጥፋ ታወራለች እንጂ አታነብም። ማንበብ የምችለው እኔ ከፊቷ ነበርኩ፤ በየሳምንቱ ሸሚዜን አመጣለሁ፤ ግን አላሳየችኝም። በኋላ ለምን ብላት "ቤት የምትገዛ ሴት ማንበብ አትችልም እንዳይባል" አለችኝ። በካውያ ያጠራቀመችውን በሙሉ እዚያ ቤት ላይ አደረገችው።

ለጥገናው ሶሬሳ የሚባል የጨርጨር ግንበኛ ቀጠረች። ሶሬሳ በሩ ላይ ሲደርስ መሣሪያውን ከትከሻው ሳያወርድ ቆመ።

"ይህን ነው የገዛሽው?"

"ይህን ነው። ምነው?"

"ከአራት ዓመት በፊት የለሰንኩት እኔ ነኝ። ዋለልኝ ለሚባል ሾፌር።"

ገባና ግድግዳውን በመዶሻ ጀርባ መታ አደረገው። ልስኑ እንደ ምንጣፍ ተገንጥሎ እግሩ ሥር ወደቀ። ከሥሩ ሌላ ልስን ታየ፤ እሱም በእጅ ሲነኩት ዱቄት ሆነ።

"የላዩ የኔ አይደለም፤ ከኔ በኋላ ደርበውበታል" አለ ሶሬሳ። "ድንጋዩ ከባሕር የወጣ ነው፤ ጨው አለው። ከመሬት እርጥበት ይስባል። ምንም ብትለስኚው ዓመት አይሞላም። ለዋለልኝም ነግሬው ነበር።"

"ዋለልኝ ታዲያ የት ገባ?"

"መልሶ ለሸጡለት ሰዎች ሸጦ ወጣ።"

በማግስቱ ሱቋን ዘግታ የጭነት መኪኖች ወደሚቆሙበት ፔካ 12 ሄደች። ዋለልኝን አንድ ሻይ ቤት ውስጥ አገኘችው፤ ወደ አዲስ አበባ ጭኖ ሊነሣ ሰዓት እየጠበቀ ነበር። የቤቱን ነገር ስታነሣበት ሣቀ፤ ከዚያ ሣቁ ጠፋ።

"ግድግዳው መርገፍ ሲጀምር ዘይድ መጣ" አላት። "አንዲት ወራሽ እኅት አለች፣ አልፈረመችም፤ ነገ መጥታ በፖሊስ ታስወጣሃለች አለኝ። ሙሰዲቅ አዝኖልሃል፣ ግማሹን ሊመልስልህ ፈቃደኛ ነው አለኝ። ተቀበልኩ። አመስግኜው እኮ ነው የወጣሁት! አቅፌ ስሜዋለሁ!"

"ከአንተ በፊትስ?"

"አንድ የሆቴል ወጥ ሠሪ ነበረ አሉ። እሱም እንደኔ።"

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት በዚያው ሳምንት ነው። ሸሚዜን ልወስድ ስሄድ ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "አንብብ፤ አንድም ቃል እንዳትዘል" አለችኝ። አነበብኩላት። ቤቱ አሁንም በሟቹ ስም ነው። ወራሾቹ ሁለት ናቸው፤ ሙሰዲቅና ሰብሪና የምትባል እኅቱ፣ አድራሻዋ ድሬዳዋ። የተፈረመው በአንዱ ብቻ ነው።

እኔ የማውቀውን መከርኳት። ግማሹን ተቀብለሽ ውጪ፤ ፍርድ ቤት ከመንከራተት ይሻላል አልኳት። ካውያውን አስቀምጣ አየችኝ።

"አንተም?" አለችኝ። ያን ቀን ሸሚዜን ሳትተኩስ መለሰችልኝ።

ከዚያ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ዘይድ መጣ። እሷ ከፈረሰው ግድግዳ ሥር ፍርስራሽ በባልዲ ታወጣለች። ዘይድ በሩ ላይ ቆሞ አንገቱን ነቀነቀ።

"እህቴ፣ ላንቺ ብዬ ነው የመጣሁት። አንዲት እኅት አለች..."

"ሰብሪና" አለችው።

ትንሽ ደነገጠ። "ካወቅሽ ጥሩ። እሷ ከመጣች ውሉ ይፈርሳል፤ አምስት ሣንቲም አይተርፍሽም። ሙሰዲቅ ግን..."

"ግማሹን ይመልስልኛል። አዝኖልኛል።"

"አትቀልጂ። ይህ ላንቺ የሚሆን ሥራ አይደለም። የሰው ቤት ስትጠርጊ የኖርሽ ሴት ነሽ፤ ቤት መግዛትና ቤት መጥረግ ይለያያል።"

"አሥራ አንድ ዓመት ጠርጌያለሁ" አለችው። "ቆሻሻ የት እንደሚደበቅ ካንተ የበለጠ አውቃለሁ። ሂድና ለሙሰዲቅ ንገረው። ሰብሪናን ራሴ አመጣታለሁ።"

ዘይድ ሣቀ። ያሳቀው ነገር ግልጽ ነው፤ ሰብሪና የእነሱ ማስፈራሪያ ነበረች። የፈራ ሰው ሄዶ አይፈልጋትም። ዙለይካም ብትሆን የምትገባበትን አደጋ ሳታውቅ አይደለም። ሰብሪና "ቤቱ የኔም ነው፤ ውጪ" ብትላት ያለ ምንም እንደምትቀር ታውቃለች። "ከእነሱ እጅ ግማሽ ከምቀበል ከእሷ እጅ ባዶዬን ብመለስ ይሻለኛል" አለችኝ። እኔ የሚሻል አልመሰለኝም። እሷ ግን በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሄደች።

ድሬ አገሯ ናት፤ "የጅቡቲዋ ሰብሪና" ብላ ስትጠይቅ ሦስተኛው ሰው ቤቷን አሳያት። ሰብሪና ጡረታ የወጣች አዋላጅ ናት፤ ስድሳ አልፏታል። በረንዳዋ ላይ የሚያማትን እግሯን ዘርግታ ሬዲዮ ታዳምጣለች።

"ከሙሰዲቅ ነው የመጣሽው?" አለቻት።

"ከሙሰዲቅ አምልጬ ነው የመጣሁት።"

ሰብሪና ሬዲዮውን ዘጋችው። ዙለይካ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት፤ ስለ ግድግዳው፣ ስለ ዋለልኝ፣ ስለ ወጥ ሠሪው።

"ቤቱ በጎርፍ ፈረሰ፣ ቦታው ለመንግሥት ተመለሰ ነው ያለኝ" አለች ሰብሪና። "ለስድስት ዓመት እንዲህ እያለኝ ነው።"

"አልፈረሰም። ሦስት ጊዜ ተሽጧል።"

"አንቺስ ምን ፈልገሽ መጣሽ? ልፈርምልሽ?"

"አዎ። ልታስወጪኝም ትችያለሽ። ግን የምታስወጪኝ አንቺ ሁኚ። እነሱ ግን አያስወጡኝም፤ ወላሂ አያስወጡኝም።"

ሰብሪና እግሯን ሰብሰብ አደረገች። ከዚያ "ከጓሮው ያለው ክፍል ጣሪያ አለው?" ብላ ጠየቀች።

"የለውም።"

"እዚያ ነው የተወለድኩት። ሦስቱን ክፍል እፈርምልሻለሁ። የጓሮው የኔ ሆኖ ይቀራል። ጣሪያውን አንቺ ታለብሺዋለሽ።"

"አራት ክፍል ነው የገዛሁት!" ዙለይካ ጮኸች።

"ከወንድሜ። ከኔ ምን ገዛሽ?"

ሁለት ቀን ተጨቃጨቁ። ዙለይካ ጠዋት ትመጣለች፣ ይጣላሉ፣ ምሳ አብረው ይበላሉ፣ እንደገና ይጣላሉ። በሦስተኛው ቀን ዙለይካ ጣሪያውን እሺ አለች፤ በምትኩ ሰብሪና እግሯ ቢያማትም ጅቡቲ ድረስ መጥታ በዳኛ ፊት ልትቆም ተስማማች። ወረቀት ብልክ ይበቃል ብላ ነበር፤ ዙለይካ እምቢ አለቻት። "ዓይኑን እያየሽ ትናገሪያለሽ" አለቻት።

ሙሰዲቅ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ እኅቱን ሲያይ እኔ እዚያ ነበርኩ፤ ወረቀት ተሸካሚ ሆኜ ነው የሄድኩት። በሶማሊኛ የሆነ ነገር ተናገረ።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?" አላት።

"ለመንግሥት የተመለሰውን ቦታ ልይ ብዬ ነው" አለችው።

ጉዳዩ ሰባት ወር ፈጀ። ሰብሪና ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። በመጨረሻ ሦስቱ ክፍሎች በዙለይካ፣ የጓሮው በሰብሪና ስም እንዲሆን ተወሰነ፤ ሙሰዲቅም ከወሰደው ላይ ለእኅቱ ድርሻዋን እንዲያወጣ ታዘዘ። ዋለልኝም ይህን ሰምቶ ከሰሰ፤ የእሱ ነገር እስካሁን አላለቀም። ዘይድ ደላላነቱን አልተወም። ካርቲየ ሰባት ውስጥ ግን ከዙለይካ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው መንገድ አያልፍም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ቤቱ ግን ያው የተበላሸ ቤት ነበር። ዙለይካ የኪራይ ክፍሏን ለቅቃ ጣሪያ ካላቸው ክፍሎች አንዱ ውስጥ ገባች። ሶሬሳ የግድግዳውን ሥር ትንሽ ትንሽ እየሰበረ፣ ላስቲክ እያነጠፈ፣ የባሕሩን ድንጋይ በብሎኬት መተካት ጀመረ። ሐምሌ ሲገባ፣ የኸምሲን ነፋስ አሸዋና እሳት ይዞ ሲመጣ፣ ሶሬሳ እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ደጋው ሄደ። እሷ ቀረች። ጎህ ሲቀድ ድንጋይ ታወጣለች፣ ከዚያ ሱቅ ሄዳ በዚያ ሙቀት ልብስ ትተኩሳለች። አንድ ቀን ሸሚዜ ላይ የሲሚንቶ የጣት አሻራ አገኘሁ። ሳሳያት "እሱን በነጻ ነው" አለችኝ።

የመጀመሪያዎቹ ተከራዮች አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሽታውን መቋቋም አቅቷቸው ወጡ። ሲቆፈር የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ለካ ተደርምሶ ከፊት ለፊቱ ክፍል ወለል ሥር ገብቷል። ያን ቀን ነው ያለቀሰችው። ከደጋው የተመለሰው ሶሬሳ ነው የነገረኝ፤ እሷ እስካሁን ትክዳለች። ወለሉን አፍርሳ፣ አዲስ ጉድጓድ አስቆፍራ፣ እንደገና ደፈነችው። ጎረቤቶቿ በግልጽ ይስቁባት ጀመር። አንዱ "ቤቱ ላይ የምታፈሺውን ገንዘብ ባሕር ላይ ብታፈሺው ባሕሩ ይሞላ ነበር" አላት። እሷም "ባሕሩ አይከራይም" አለችው።

አሁን ትልቁን ክፍል የተከራዩት በየሰው ቤት የሚሠሩ ስድስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ናቸው። አያድሩበትም። ሳምንቱን ሙሉ አሠሪዎቻቸው ዘንድ ይኖራሉ፤ ዓርብ ዓርብ ግን ዕረፍት ሲያገኙ ይሰበሰባሉ፣ ፀጉር ይሠራራሉ፣ ወደ አገር ቤት ይደውላሉ፣ በር ዘግተው ይተኛሉ። እንዲህ ያለ ተከራይ ለሌላ አከራይ ላይመች ይችላል። ዙለይካ ግን "እኔ በነሱ ዕድሜ በር የምዘጋበት ክፍል አልነበረኝም" ብላ ሊከራይ የመጣውን ሌላ ሰው ሁሉ መለሰች።

ባለፈው ዝናብ፣ ዙለይካ ለጓሮው ክፍል ካለበሰችው ቆርቆሮ ሁለቱ ተገንጥለው ጎረቤት ግቢ ወደቁ። ሰብሪና በስልክ ደወለች፤ ማን እንደነገራት አላውቅም።

"ጣሪያዬ ወድቋል አሉ።"

"ነፋስ ነው የወሰደው። ነፋሱን ክሰሺ።"

"ውላችን ምን ይላል?"

እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ዙለይካ ስልኩን ሳትዘጋ ለእኔ ሰጠችኝና ቀሚሷን ሰብስባ፣ ሚስማር አፏ ላይ ይዛ መሰላሉን ወጣች። ሶሬሳ ከታች ሆኖ "ውረጂ፣ እኔ እሠራዋለሁ፣ አጥንትሽ ይሰበራል!" እያለ ይጮኻል። ከስልኩ ውስጥ ሰብሪና "ምን እየሠራች ነው? ምን እየሠራች ነው?" ትለኛለች። ከላይ የመዶሻው ድምፅ ጀመረ።