የካርቱሙ ሲኒያ

ስደተኛ ሁሉ አወጣጡን ሲያወራ «ሌሊት ነበር» ይላል። እኔ ከሐይቅ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ፣ በብስክሌት ነው። ቀበሌው ወጣቱን ለውትድርና እየመለመለ ነበርና በጨለማ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ኬላ ላይ ይያዛል። ብስክሌት እየነዳ ግራ ቀኝ ሰላምታ የሚሰጥን ሰው ግን ማንም አይጠረጥርም። እናቴ ልትሸኘኝ ከአምባሰል ወርዳ ደጃፌ ላይ ቆማ ነበር። ሰው እንዳይነቃ እንደ ወትሮው «ቶሎ ተመለስ» አለችኝ። «ኢንሻአላህ» አልኳት። እስከ ውጫሌ ድረስ ዞሬ አላየሁም።

ሱዳን እንዴት እንደገባሁ አልተርክም። እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ባታውቁት ይሻላል። እኔን ያሸነፈኝ በረሃው ሳይሆን የካርቱም መንገድ ነው። እኛ ዘንድ መንገድ አንድ ነው፤ ወደ ላይ ደሴ፣ ወደ ታች ወልድያ። መታጠፊያ ከተባለም ወደ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገነጠለው ነው፤ እዚያ ላይ ቢያጋጥማችሁ አንድ መነኩሴ ነው።

ዳቦ ቤት ተቀጠርኩ፤ ሥራዬ በብስክሌት ዳቦ ማድረስ። አሠሪዬ በመጀመሪያው ቀን «ሲኒያው ጋ ስትደርስ ዙር» አለኝ። ሲኒ የተሳለበት ሻይ ቤት ስፈልግ ዋልኩ። ዳቦው ደረቀ። አብሮኝ የሚኖረው ጌታቸው የግሸን በኩል ልጅ ነው፣ ታክሲ ይነዳል። ነገሩን ስነግረው ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሰይዶ፣ ሲኒያ ማለት እነሱ ዘንድ ትሪ ነው። ክቡን አደባባይ ነው ትሪ ያሉት።»

«ታዲያ ምን ቀርቦበታል?»

«እኛ።»

ትሪው ላይ አምስት መንገድ ይገናኛል። የአቅጣጫው ምልክት የተተከለው መውጫውን ካለፉ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያመለጣችሁን መንገድ ስም በትክክል ይነግራችኋል። የትራፊክ መብራቱን ዛፍ ሸፍኖታል። አንዱ መውጫ ለቧንቧ ተቆፍሮ በዚያው ቀርቷል። በብስክሌት ዳር ዳሩን ብሄድ አውቶቡሱ ወደ ቦዩ ይገፋኛል፤ መሃል ብገባ ባለታክሲው ይሰድበኛል። ጌታቸው በመኪናም ያው ነው ይላል። አንዴ ከገባ ነዳጁ እስኪጋመስ ይዞራል።

የእኔ ትልቁ ችግር ግን አስተዳደጌ ነው። ወሎ ውስጥ ሁለት ሰው በር ላይ ከተገናኘ «ይለፉ»፣ «ኧረ በአላህ፣ እርስዎ ይለፉ» ሳይባባል አይገባም። እኔም ሲኒያው አፍ ላይ ቆሜ በእጄ «ይለፉ» እላለሁ። ያልፋሉ። «የለም፣ አንተ እለፍ» የሚል አንድ እንኳ አልተገኘም። ትራፊክ ፖሊሱ አንድ ቀን ታዝቦኝ መጣ። አረብኛዬ የኪታብ ስለሆነ ሸይኽ ነው የሚለኝ።

«ያ ሸይኽ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«እስኪያልፉ ነው።»

«እነማን?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም የሚያልፉት የቂያማ ቀን ነው» አለኝ።

«እንግዲያው ብስክሌቴን እየገፋሁ በመሃሉ ላቋርጥ?»

«ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው።»

ሣር አልነበረም።

ከወጣሁ ወዲህ የእናቴን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ናፍቆቷ ሊገድለኝ ደርሶ ነበር። በነጋዴ ተላልከን፣ ሐይቅ ስልክ ቤት በቀጠሮ እንድትጠብቀኝ ሆነ። የካርቱሙ ስልክ ቤት ከሲኒያው ማዶ ቆሞ ይታያል። ሰዓቱ ካለፈ መስመሩ ለተከታዩ ይሰጣል። እሷ ደግሞ ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግሯ ወርዳ ነው የምትጠብቀኝ። ጌታቸው ጠዋት መከረኝ፦ «ዛሬን ብቻ ወሎዬ አትሁን። ዝም ብለህ ግባ።»

ገባሁ። ሁለት መውጫ አለፍኩ። ሦስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ የአህያ ጋሪ ይዘው መግባት አቅቷቸው ቆመዋል፤ አጠማጠማቸው ቁርጥ አባቴን። እጄ ሳላዘው ፍሬን ያዘ። «ይለፉ» አልኳቸው። እሳቸውን ተከትሎ ከተማው በሙሉ አለፈ። ስልክ ቤት ስደርስ ሠራተኛው ሰዓቱን በጣቱ እያሳየ፣ «ትንሽ ነው የቀረህ» ብሎ ወደ መስታወቷ ክፍል አስገባኝና መነጋገሪያውን ሰጠኝ።

«ሰይድዬ! አንተ ነህ? ምነው ዘገየህ? እኔ ልሙትልህ፣ ከጠዋት ጀምሮ እኮ ነው የተቀመጥኩት።»

«መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ሳሳልፍ ነው፣ እማዬ።»

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ደግ አደረግህ፣ ልጄ» አለች፤ ድምፅዋ ልቅሶ ልቅሶ ይላል። «አልሐምዱሊላህ፣ አልተለወጥክም። መቼ ነው የምት...»

መስመሩ ሄደ። እንደናፈቀችኝ አልነገርኳትም።

ሠራተኛው መስታወቱን አንኳኳ። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ አንድ አባት ቆመዋል። በሩን ያዝኩላቸውና በልማዴ፣ ባማርኛ «ይለፉ» አልኳቸው።

«ኧረ በአላህ፣ አንተ ጨርስ» አሉኝ፣ በእኛው በወሎ አነጋገር።

መስመሩ ግን ተቆርጧል።