ረሃቡ የጠፋበት ጾመኛ

ቢምረው ለማመስገን ሰበብ አያጣም። የውሃ ቦቴዋ በሰዓቷ ስትመጣ «ተመስገን» ይላል፤ ስትዘገይም «ይኸው መጣች አይደል?» ብሎ ያመሰግናል። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ያለችው የኪራይ ክፍሉ በነፋስ ቀን አቧራ ትሞላለች፤ እሱ ግን መጥረጊያውን እያነሣ «አቧራ የሚገባበት ቤት የሌለው ስንት አለ» ይላል። የአገሩ ልጆች ይስቁበታል። «ይኼ ሰውዬ እግሩ ቢሰበር፣ አንገቴ ተረፈ ብሎ ይዘምራል» ይሉታል። ይሳቁ፤ ሳቅ አይከፋም። ያ ምላስ አንድ ጊዜ ምስጋናን ጨርሶ እንደ ረሳ፣ በስንት መከራም እንደ ተመለሰለት ቢያውቁ ግን አብረውት ያመሰግኑ ነበር።

ቢምረው ከቢቸና ገጠር ወጥቶ፣ ጅግጅጋ ከርሞ፣ በቶጎ ውጫሌ ድንበር በኩል ሀርጌሳ የገባ ሴራሚክ አንጣፊ ነው። ሥራው ጥሩ ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው ግን ከእጁ ይልቅ ከንፈሩን ነበር። ተንበርክኮ ሲያነጥፍ ከንፈሩ አያርፍም፤ በልጅነቱ ከየኔታ እግር ሥር የያዘውን የዘወትር ጸሎት ያነበንባል። የሥራው አለቃ ዓብዲናሲር በስደት ዘመን ጅግጅጋ ያደገ ሶማሌ ስለሆነ አማርኛ አይቸግረውም። መጀመሪያ ያየው ቀን ራቅ ብሎ ቆመና «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አለው።

«ከፈጣሪዬ ጋር።»

«እንግዲያው ሰላም በልልኝ» ብሎ ሥራውን ሊያይ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተግባቡ።

ሀርጌሳ ላይ እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ የሚታረፈው ዓርብ ነው። ስለዚህ እነቢምረው ዓርብ ዓርብ እትዬ ሸዋዬ ክፍል ይሰበሰባሉ። እትዬ ሸዋዬ ሰው ቤት ምግብ እያበሰሉ የሚኖሩ፣ ለሁሉም እናት የሆኑ ሴት ናቸው። በወር አንድ ጊዜ የሚካኤልን ጽዋ ይጠጣሉ። በዚያ አገር ጠላ ስለማይጠመቅ ጽዋው ውስጥ ያለው ያልፈላ የማር ብርዝ ነው፤ ሚካኤልም እስካሁን ቅር ያለው አይመስልም። ከመካከላቸው ካህን ስለሌለ ጸሎቱን የሚመራው ቢምረው ነበር። መዝሙሩንም ጎረቤት እንዳይረበሽ ዝቅ አድርገው ይሉታል።

ፈተናው የመጣው በጾም በኩል ነው። ሰይጣን ጾመኛን በቅልጥም አይጀምረውም፤ ያማ ወዲያው ይታወቅበታል።

ፍልሰታ ነበር። ቢምረው ኮድቡር በሚባል ሰፈር ውስጥ ትልቅ ቤት ያነጥፋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ ሲሚንቶ ማቡካት ቀላል አይደለም፤ ዓይኑ ይጨልማል። አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ግን ጫታቸውን ይዘው ጥላ ሥር ሲቀመጡ ረሃብ የሚባል ነገር የረሳቸው ይመስላሉ። ቢምረው ይህን አየና ማሰብ ጀመረ። ደግሞ ረሃቡን መሸሽ ብቻ አልነበረም ያማረው፤ ዘጠኝ ሰዓት አንሶበት ነበር። ሌላው ሰው ሊደርስበት ያልቻለ ጾም መጾም ፈለገ። ማንም አልገፋፋውም፤ ይህን እሱም ይመሰክራል። በገዛ እግሩ ሄዶ መንገድ ዳር ጫት ከምትሸጥ ሆዶ ከምትባል ሴት አንዲት እስር ገዛ።

«ቅጠል ነው» አለ ለራሱ። «ቅቤ የለበት፣ ወተት የለበት። ደግሞ አይዋጥም። እንዲያውም የጾም ነው!» ጭማቂው እንደሚዋጥ ማሰብ አልፈለገም።

ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት መጥቶ ሄደ፤ ቢምረው አልራበውም። ፀሐይ ገባች፤ አሁንም አልራበውም። ጸሎት ላይ ሲቆም ደግሞ ቃሉ ሳያቋርጥ ወረደለት። እንዲህ ጸልዮ አያውቅም። «መንፈስ ቅዱስ ቀረበኝ» ብሎ አለቀሰ። የቀረበው ምርቃና መሆኑ የገባው በጣም ቆይቶ ነው።

ከዚያ ወዲያማ ውሃ እያሳሳቀ ይወስድ የለ? የፍልሰታዋ እስር ለጾመ ነቢያት ልማድ ሆነች፤ ጾሙ ሲፈታም እሷ አልተፈታችም። ሌላው ሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ እህል ሲቀምስ ቢምረው እስከ ማታ ይውላል። ወሬው ተዛመተ።

«ለመሆኑ አይርብህም?» አሉት አንድ ዓርብ እትዬ ሸዋዬ።

«ኧረ እኔስ ረሃብ ምን እንደሆነም ረስቻለሁ፣ እትዬ!»

እትዬ ሸዋዬ ትክ ብለው አዩትና ዝም አሉ። ሌሎቹ ግን በአድናቆት ከንፈራቸውን መጠጡ። ጽዋውን የሚመራው ሰው፣ እነሱ «ሙሴ» የሚሉት፣ አገሩ ሊገባ እየተዘጋጀ ነበርና «ከዚህ ጾመኛ ሌላ ማንን እንሾማለን?» ብለው ቢምረውን መረጡት። ለመጋቢት ሚካኤል ጽዋውን እንዲረከብ ተቆረጠ።

ጸሎቱስ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ነው። ሌሊቱን ዱካክ የሚሉት የጫት ቅዠት ሲያስጨንቀው ያድርና ጠዋት እንደ ታመመ ሰው ይነሣል፤ የጠዋቱ ጸሎት ቀረ። ሥራ ላይ አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ግን የሚያላምጠው ቅጠል ነው። ዓርብ ሲመራም አፉ ጸሎቱን ያነበንባል፣ ልቡ ቢቸና ሄዶ ፎቅ ይሠራል። «ተመስገን» የሚለው ቃል ከቤቱ ጠፋ። ያልራበው ሰው እንጀራ ቢቀርብለት ምን ብሎ ያመሰግናል? ቢምረው ሴራሚክ አንጣፊ ነው፤ ከላይ ቀጥ ብሎ ከሥሩ የሲሚንቶ ቡኮ ያልሞላው ሴራሚክ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ እንደሚሰጥ ያውቃል። ራሱን ማንኳኳት ግን ፈራ።

እግዚአብሔር መልካም ነው፤ አንኳኳው።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኙ። ሆዶ ቀን ቀን መደቧን ዘጋች። ጥላ ሥር የሚቀመጡት ሠራተኞችም ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሳይደርስ ጫት የሚባል አይነኩም። ቢምረው መጀመሪያ ግድ አልሰጠውም። በኋላ ግን ማዛጋት ጀመረ። እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ወቀረው። ከዚያም ስንት ወር በቅጠል ሲያባርረው የከረመው ረሃብ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ላይ መጣበት። ያ እስከ ማታ የሚውል ዝነኛ ጾመኛ ረፋዱን መሻገር አቃተው።

ቤቱ ለዒድ እንዲደርስ ተብሎ ሥራው ጥድፊያ ነበር። ዓብዲናሲር እዚያው የሚያፈጥርበትን ሳምቡሳ ሚስቱ ረሺዳ በሳህን ሸፍና ትልክለታለች፤ አንድ ቀን ግን ከሰዓቱ ቀደም ብላ ከቀትር በኋላ ላከችው። ቢምረው ሽታው ሲደርሰው ከተንበረከከበት ተነሣ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው፤ ቢሞላስ፣ የሥጋ ሳምቡሳ በሁዳዴ ምን ያደርግለታል? ያም ሆኖ ከካርቶኖቹ ጀርባ ሄዶ ሳህኑን ገለጠ። አንዱን በላ። ሁለተኛውን አፉ ውስጥ እንዳስገባ ዓብዲናሲር በሩ ላይ ቆሞ አየው።

የጾመ ሰው ማፍጠሪያ፣ ያውም በገዛ ጾሙ! ቢምረው መዋጥም መትፋትም አቃተው።

«ብላ» አለ ዓብዲናሲር። «ግን ቁጭ ብለህ ብላ፤ ያንቅሃል።»

«አለቃ... ሥጋ ነው እኮ። ሁዳዴ ነው።» እንባው ወረደ።

«ሥጋ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ ሚስቴ አይደለች የሠራችው?» ዓብዲናሲር ከፊቱ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። «ሳምቡሳው አያስጨንቅህ። ወላሂ፣ እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ድሮ ስትሠራ ከንፈርህ አያርፍም ነበር። እኔ እንኳን ለሰላት ስሰንፍ አንተን አይቼ አፍር ነበር፣ እነሣ ነበር። አሁን የጾምህን ወሬ ከሰው እሰማለሁ፤ ከንፈርህን ግን ካየሁት ስንት ጊዜዬ። ምን ሆነህ ነው?»

ሥጋ በመብላቱ ያለቀሰው እንባ ደርቆ ሌላ እንባ መጣ። ጸሎቱ የጠፋው ዛሬ አልነበረም፤ ያቺን እስር በገዛ እጁ የተቀበለ ቀን ነው። ይህንንም የነገረው የሃይማኖቱ ወንድም አልነበረም፤ ማፍጠሪያውን የበላበት ሰው ነው።

የመጋቢት ሚካኤል ዓርብ ዋለ። እትዬ ሸዋዬ ጽዋውን በነጠላቸው ይዘው ዘረጉለት። ቢምረው ተነሣ፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

«እኔ ጾመኛ አይደለሁም» አለ። «ረሃቤን በጫት እያስተኛሁ ነው የከረምኩት። ጸሎቴም ከሄደ ቆየ፤ እዚህ የምትሰሙት ድምፄን ብቻ ነበር። በሁዳዴ ሥጋ በልቻለሁ። ይቅር በሉኝ።»

አንዷ ልጅ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ቢምረው ጫማውን አንሥቶ ሊወጣ ሲል እትዬ ሸዋዬ «ወዴት ነው? ቁጭ በል!» አሉት። «እኔ ነኝ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ። ‹ረሃብ ምን እንደሆነ ረስቻለሁ› ያልከኝ ቀን ደንግጬ ነበር። የማይርበው ሰው ምኑን ይጾማል? ጠርጥሬ ዝም አልኩ፤ ሰው ሁሉ ሲያመሰግንህ መናገሩ ከበደኝ። ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

ሌላውም ተራ በተራ «ይቅር ይበለን» አለ። ሙሴነቱን እትዬ ሸዋዬ ያዙት፤ ዛሬም እሳቸው ጋ ነው፣ ከወንዶቹም በላይ አሳምረው ይዘውታል። ለቢምረው የሰጡት ትእዛዝ አንድ ነበር። «ነገ ዛሬ ሳትል ጅግጅጋ ሂድና የንስሐ አባትህን አግኝ።»

ሄደ። የንስሐ አባቱ ሁሉንም ሰሙት። «ልጄ፣ ለፈተና አንድ ጊዜ እጅ ስትሰጥ መጀመሪያ የሚሰርቅህ ጸሎትህን ነው» አሉት። «እሱ ከሄደ ሌላው በር ሁሉ ክፍት ነው፤ ሥጋው ኋላ የመጣ ነው።»

«ታዲያ ጾሙን ልጨምር፣ አባ? ማታ ድረስ ልዋል?»

አባ ሳቁ። «የጣለህስ ምን ሆነና! እሱው ጭማሪው አይደል? አንተ የምትጾመው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ግን ርቦህ ጹም። የራበህ ጊዜ፣ ያኔ ጸልይ። ቅጠሉን ከነዘመዱ ተወው።» መስቀላቸውን አሳልመው፣ ፈትተው ሰደዱት። ቢምረው እስከ ስድስት ሰዓት መባሉ እንደ ውርደት ተሰማው፤ ግን እሺ አለ።

ከተመለሰ በኋላ ያሉት ቀናት መልካም አልነበሩም። ያዛጋል፣ ራሱን ያመዋል፣ በሆዶ መደብ ላለማለፍ ዙሪያውን ይሄዳል። ጠዋት ይጸልያል፤ ቃሉ ግን ደረቅ ነው። እህል አያምረውም። የሚፈልገው ቅጠሉን ብቻ ነበር። «እንዲህ ሆኜ ልቀር ነው» ብሎ የፈራባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ያም ሆኖ በዚያ ሁሉ አንዲት እስር አልገዛም፤ ይህን ያደረገለት የማን ኃይል እንደሆነ ያውቃል፣ በራሱ ብርታት አይኩራራም።

ዒድ አለፈ። ሁዳዴ ወደ ማለቂያው ደረሰ። እነዓብዲናሲር አየር ማረፊያው አካባቢ ሌላ ቤት ጀመሩ። አንድ ረፋድ ላይ ቢምረው ተንበርክኮ እያነጠፈ ሳለ ሆዱ ጮኸ። መዶሻውን አስቀመጠና ጠበቀ። ደግሞ ጮኸ። እጁን አየ፤ አይንቀጠቀጥም። የጫት ሐራራ አልነበረም። እንጀራ ነው ያማረው፤ ደረቅ እንጀራ፣ ሽሮ እንኳን ያልነካው። ወለሉ ላይ ዘርፈጥ ብሎ ተቀምጦ ሳቀ።

ዓብዲናሲር ከሚቀጥለው ክፍል ብቅ አለ። «ምን አገኘህ?»

«ራበኝ!»

«ታዲያ ይህ ያስቃል እንዴ?»

«ራበኝ እኮ ነው የምልህ፣ አለቃ!» ሳቁ ከእንባ ጋር ተቀላቀለ።

ዓብዲናሲር ትንሽ አየውና ገባው። «አልሃምዱሊላህ» አለ።

ስድስት ሰዓት ገና ነበር። ቢምረው ፊቱን በክንዱ ጠረገና ተንበረከከ። ቡኮውን ሞላ፣ ሴራሚኩን አስቀመጠ፣ አንኳኳው። «ተመስገን» አለ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ፣ አላቆመም።

ዓብዲናሲር በሩ ላይ ቆሞ ያን ከንፈር አየ።

«ሰላም በልልኝ» ብሎ ወደ ሥራው ሄደ።