ባዶ እግሬን እስከ ከድጃ ቤት

ይህን መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ ሁለት ቀን አሰብኩ። ልጆቼን ለቁም ነገር ካደረስኩ በኋላ ቅዳሜና እሁድ ኮሌጅ የምማር የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ መምህራችን «ከወጣትነታችሁ አንድ ነገር ጻፉ» ብለውናል። አጠገቤ የሚቀመጡት ስለ ጦር ሜዳና ስለ እስር ይጽፋሉ። የእኔ ወሬ የእግር ወሬ ነው። ነገር ግን ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ግቢውን አጨቅይቶት ስለነበር ጫማዬን አውልቄ ሣሩን ረገጥኩ። ቅዝቃዜው ከውስጥ እግሬ ተነስቶ ጉልበቴ ሲደርስ ከድጃ ከፊቴ የምትሮጥ መሰለኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

አሰላ ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ወፍራም ልጅ ነበርኩ። ስንዴ ሲጫንና ሲራገፍ በሚውልበት ከተማ እንዲህ ያለ ልጅ ምን ተብሎ እንደሚጠራ መገመት አያስቸግርም፤ «ኩንታል» ይሉኝ ነበር። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳውን አንድ ዙር ሳልጨርስ እግሬን ይዤ ቁጭ እላለሁ። ጥፋቱን በሰውነቴ አሳበብኩ እንጂ ጫማዬን አልጠረጠርኩም። እማዬ ከቀበሌው ሱቅ በዕጣ የደረሳት ሸራ ጫማ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ነበር፤ የእኔ እግር አርባ ነው። በዚያ ዘመን የደረሰንን እንወስዳለን እንጂ ቁጥር አንመርጥም።

ከድጃ የክፍሌ ልጅ ናት፤ በየቀኑ ከጭላሎ ተራራ ሥር ካለ ገጠር እየሮጠች ትመጣለች። የገጠር ልጆች ጫማቸውን በብብታቸው ይዘው ይመጡና ከትምህርት ቤቱ በታች ባለው ወንዝ እግራቸውን ታጥበው፣ በሣር አድርቀው ያደርጉታል። ጫማ ለክፍል እንጂ ለመንገድ አይባክንም። እኛ የከተማዎቹ በዚህ እንስቅ ነበር።

መስከረም ላይ አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ልሸኛት ወጣሁ። ከወንዙ ማዶ ጥቁሩ ጭቃ ግራ ጫማዬን ውጦ አስቀረው። ጎንበስ ብዬ ስጎትት ከድጃ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አንቺ ኩንታል፣ ሌላውንም ስጪውና ይገላግልሽ!»

«እማዬ ትገድለኛለች!»

«አጥበን እንወስድላታለን። አሁን አውልቂና ኮቱ! ነይ!» ብላኝ ሮጠች።

አወለቅኩ። ጣቶቼ እርስ በርስ ሳይጨናነቁ መሬት ሲይዙ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር። በገብሱ ማሳ ዳር ያለው መንገድ እርጥብና ለስላሳ ነው። ተረከዜን መደብደብ ትቼ፣ እሷ እንደምታደርገው፣ በእግሬ ፊት በኩል ቀስ እያልኩ ማረፍ ጀመርኩ። ክብደቴ ያው ነው፤ መሬቱ ግን ተቀበለኝ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ብሄድ ነው። ቆሜ ሳለከልክ ግን የምስቀው እኔ ነበርኩ።

ከድጃ ያኔ ቃል ገባችልኝ፤ «ቤታችን ድረስ አንዴም ሳታርፊ ከመጣሽ እናቴ ጭኮ ታበላሻለች።» ጭኮ ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚለወስ ምግብ ነው፤ ሽታው ብቻ ያጠግባል። ከዚያ በኋላ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። በጥቅምት እስከ ባሕር ዛፎቹ ደረስኩ። በኅዳር አጨዳው ሲጀመር የገብስ ቃርሚያ እግሬን እየወጋኝ እስከ ድንጋዩ ካብ ሄድኩ። ጥር ሲያልቅ የቀረኝ የመጨረሻው ዳገት ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እማዬ የተሰነጠቀ ተረከዜን አየች።

«ጫማ ገዝቼልሽ ሰው ምን ይለኛል?»

«ይጠበኛል እማዬ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው አልነገርሽኝም?»

ዕጣው የደረሳት ቀን ፊቷ እንዴት እንደበራ አይቼ ነበር።

በየካቲት መጀመሪያ ከድጃ ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀረች። ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ተነሳሁ። ባሕር ዛፎቹን፣ ካቡን አለፍኩ። ዳገቱ ላይ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ እየመታ ነበር፤ ሆኖም አልቆምኩም። ጫፉ ላይ ስደርስ ቤቱን ፈለግኩት። ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያው የለም። ወንዶቹ ማገሩን በትከሻቸው ተሸክመው ይወርዳሉ። መንግሥት ገበሬውን ከየቦታው እያነሳ በአንድ መንደር የሚያሰፍርበት የመንደር ምሥረታ ተራ ደርሷቸው ነበር።

ከድጃ ከዕቃው መካከል ብድግ አለች።

«ሳታርፊ ነው?»

«አንዴም።»

ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች። «ከአዲሱ መንደር ትምህርት ቤት በሩጫም አይደረስም» አለችኝ። እናቷ አማርኛ አይችሉም፤ ላብ ያጠመቀውን ፊቴን አይተው በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» (ልጄ) አሉና የታሰረውን ጓዝ ፈቱ። የዕቃ ጫኞቹ ጩኸት ቢበዛም አልቸኮሉም። ጭኮውን ከእቃው አውጥተው በእጃቸው አጎረሱኝ።

ስመለስ ሳልሮጥ በእግሬ ሄድኩ። ከድጃ ኋላ ላይ አግብታ ወደ ዲክሲስ ሄደች ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በገበያ ቀን ከዚያ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። ዛሬ አርባ ቁጥር ጫማ አለኝ፤ ልጄ ናት የገዛችልኝ፤ አይጠበኝም። ኩንታል የሚለኝም የለም። አንድ ሰው ከፊቴ እየሮጠ በዚያ ስም ቢጠራኝና «ኮቱ!» ቢለኝ፣ በዚህ ጉልበቴም ቢሆን የምነሳ ይመስለኛል። ከድጃ ቤት ድረስ ከሮጥኩ ወዲህ ሮጬ አላውቅም። ያ ቀን ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 1978 ዓ.ም. ነበር።