የታመመ ይለያል

ብዙ አልተማርኩም። ፊደል የለየሁት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ።

ተፍኪ ሳለሁ በሬ አደልብ ነበር። ያ ሥራ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር የታመመ ከብት ከመንጋው እንደሚለይ ነው። ለብቻው ይታሰራል፣ ለብቻው ይጠጣል። ብዙ በሬ በዚህ አትርፌያለሁ።

ሰበታ ከገባን በኋላ ባለቤቴን ግማሽ አካሏን መታት። አንደበቷ ተያዘ፣ ግራ እጇ በድን ሆነ። ምግብ ስሰጣት አፏን ትገጥማለች። ቡራዩ ከባሏ ጋር የምትኖረው ልጃችን ለእናቷ ዓይን ማረፊያ ይሁን ብላ የመስታወት ሳጥን ከነሰባት ዓሦቹ አምጥታ አልጋው ፊት ለፊት አስቀመጠች። ዓሦቹ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም አይበልጡም።

"አባዬ፣ እንዳትለያያቸው። ሻጩ ብቻውን የቀረ አይበረክትም ብሏል።"

"ሻጩ ይሽጥ። እርባታ እኔን አያስተምረኝ።"

ጎረቤታችን ባለሱቁ ሰምቶ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ እያለ ሳቀብኝ። "አካም ቡልተን አባባ! በሬው ቀረና ዓሣ ማድለብ ያዙ? ለፍልሰታ ይደርሱልዎታል?"

"አንተ ረመዳንህን ጹም። የኔ ጾም ምን አገባህ?"

እውነቱን ለመናገር ግን ዓይን ይይዛሉ። አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል። መሪ የላቸው፣ ጅራፍ የለባቸው። መስታወቱን ነካ ሳደርገው ብትን ይሉና ወዲያው ተመልሰው ይገጥማሉ። ሲገጥሙ ባለቤቴ በግማሽ አፏ ትስቃለች። ያኔ ማንኪያውን አስገባለሁ። መብላት የጀመረችው እንዲህ ነው።

አንድ ቀን አንዱ ዓሣ ላይ ነጭ ነጠብጣብ አየሁ። ያው የማውቀውን አደረግኩ፤ ለይቼ በማርማላታ ጠርሙስ አስገባሁትና መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። መልኩ ገረጣ፣ ከታች ተለጠፈ፣ ምግብ አልነካም። በሁለተኛው ቀን ሞተ። በሽታው ነው አልኩ። ሌላው ላይ ነጠብጣብ ሲወጣ እሱንም ለየሁት። እሱም ሞተ።

ሦስተኛውን ወደ መስኮቱ ይዤ ስሄድ ባለቤቴ በደህና እጇ የአልጋውን ጠርዝ መታች። ደጋግማ መታች። ወደ ሳጥኑ ትጠቁማለች። ተናድጄ ጠርሙሱን ከሳጥኑ ጋር አስጠግቼ አስቀመጥኩት። ውስጥ ያሉት አራቱ መጡ። እነሱ ወዲያ ሲሉ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ወዲያ ይላል፤ ወዲህ ሲሉ ወዲህ። መስታወት በመሃላቸው አለ እንጂ አብረው ነው የሚሄዱት። ማታውኑ በላ። ነጠብጣቡ ሲጠፋ መለስኩት፤ አልሞተም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አላየሁም አልልም።

ክረምት ሲገባ ባለቤቴ ሳል ጀመራት። ልጄ መኪና ይዛ መጣች። "ሐኪም ቤቱ እኔ በር ላይ ነው። አንተም ተነስ፣ አብረን እንሂድ።"

"አማች ቤት ገብቼ አልቀመጥም።"

"እሺ እሷስ?"

"እሷን ውሰጃት። የታመመ ይለያል።"

ባለቤቴ የጋቢዬን ጫፍ በደህና እጇ ያዘች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ያስለቀቅኳት እኔ ነኝ።

ቡራዩ ከገባች ጀምሮ አፏን ገጠመች። ልጄ በስልክ አለቀሰች፤ "አባዬ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ና በቃ!" እሁድ ሄድኩ። ስገባ ዞረች። ከእጄ ሦስት ማንኪያ አጥሚት ጠጣች። ልጄ እደር አለችኝ። ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ የአማቼ ቤት መሆኑ ትዝ አለኝና ተነሳሁ።

"ዓሦቹን ማን ያበላቸዋል?" አልኩ። እንዲህ ብዬ ነው ጥያት የወጣሁት። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ሞተች። ከሦስቱ ማንኪያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም አሉኝ።

ከተስካሩ በኋላ ዓሦቹን በባልዲ ቀድቼ ለባለሱቁ ወሰድኩለት። ሳጥኑንም ሰጠሁት።

"አባባ፣ አንድ እንኳ ለራስዎ አያስቀሩም?"

"አንድ ብቻውን አይቀርም" አልኩት።

እንደ ድሮው ይቀልዳል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ባልዲውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።