ማሽን አይሳሳትም ብዬ የጻፍኩት ደብዳቤ

ይህ የሆነው በስድሳዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ወጣት ሳለሁ ነው። አባቴ በሕይወት እስካሉ ድረስ ላልናገር ቃል ገብቼ ስለነበር ለማንም አውርቼው አላውቅም። አሁን እሳቸውም የሉም፣ እኔም አርጅቻለሁ።

የተወለድኩት መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። አዲስ አበባ ተምሬ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ኦፕሬተር ሆኜ ተቀጠርኩ። በዚያ ዘመን ኮምፒዩተር ማለት አንድ ሙሉ ክፍል የሚይዝ ማሽን ነበር። አባባ ሥራዬ በትክክል ባይገባቸውም፣ ሰንበቴ ላይ "ልጄ የሚያስብ ማሽን ነው የሚያዘው" ይሉ ነበር አሉ።

እናታችን የሞተችው ታናሽ እህቴን የውብዳርን በወለደች በሦስተኛው ቀን ነው። የውብዳር ይህን ካወቀች ጀምሮ ነርስ እሆናለሁ ትል ነበር። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰችም ለነርስነት ትምህርት ተፈተነች። በዚያው ሰሞን ከራቤል አንድ ደህና ቤተሰብ ለልጃቸው ጠየቋት። አባባ "መጀመሪያ የልጅቷ ፈተና ይታወቅ" ብለው ሽማግሌዎቹን በቀጠሮ መለሷቸው።

የፈተናው ውጤት የሚወጣው በእኛ ማሽን ነበር። ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ነገር የሚይዝበት ቦታ፣ ሜሞሪ የምንለው፣ በጣም ጠባብ ነው። ይህን ቦታ ለየፕሮግራሙ የሚያከፋፍል አንድ ዋና ፕሮግራም ነበር። እኛ ኦፕሬተሮቹ "ጭቃ ሹሙ" እንለው ነበር። ለዚህ ይህን ያህል፣ ለዚያ ያን ያህል እያለ ይሰጣል፤ አንዱ ሥራውን ሲጨርስ ቦታውን ለሌላው ያስረክባል። ለማን ስንት እንደሚሰጥ ግን የምናዘው እኛ ነን።

ያን ቀን ረፋድ ላይ የየተፈታኙ ስምና ውጤት በቀዳዳ የተጻፈባቸው ካርዶች በማሽኑ እየተነበቡ ሳለ አለቃዬ ሌላ አስቸኳይ ሥራ ይዘው መጡ።

"ሁለቱንም አብረህ አስኪዳቸው" አሉኝ።

ሥራውን አስቁሜ የፈተናውን ፕሮግራም ድርሻ ቀነስኩና ለአዲሱ ሰጠሁ፤ ከዚያ ሁለቱንም እንደገና አስጀመርኩ። የቀረው ይበቃዋል ብዬ ነው። አላሰላሁም። ማሽኑም ምንም ሳይል ሥራውን ጨረሰ።

ያለፉት ልጆች ዝርዝር ከሰዓት በኋላ ታትሞ ወጣ። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለሚጻፉ እህቴን ፍለጋ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ገጽ ሄድኩ። ወርቁ የሚል አለ። ከወርቁ ቀጥሎ ዘውዴ ይላል። በቃ፣ አለቀ። ደጋግሜ አየሁት።

በዚያው ሳምንት ለአባባ ደብዳቤ ጻፍኩ። "አላለፈችም። ምናልባት ስሕተት ይሆናል ብለው ተስፋ አያድርጉ፤ ማሽን አይሳሳትም" አልኳቸው። በከንቱ እንዳይጠብቁ ብዬ ነበር።

አባባ ለሽማግሌዎቹ እሺ አሉ። ሠርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ሆነ። እኔ ፈቃድ አጥቼ ቀረሁ።

ጾሙ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይልማ የሚባል ወጣት ወደ ቢሮአችን መጣ። "ፈተናውን እንደማልወድቅ አውቃለሁ፤ እባካችሁ እዩልኝ" አለ። አለቃዬ ካርዱን እንድፈልግ አዘዙኝ። ሳጥኑን አውርጄ አገኘሁት፤ ልጁ አልፏል። ከእሱ ካርድ በፊት ያለውን ሳነሣ የውብዳር ነው። እሷም አልፋለች።

ፕሮግራሙን የጻፈው ባልደረባዬ ነገሩን አስረዳኝ። ቦታው ሲሞላበት አቁሞ እንዲናገር አልተደረገም፤ የሚመጣውን ስም ሁሉ በመጨረሻዋ ቦታ ላይ፣ በቀደመው ስም ላይ እየደረበ ይጽፋል። በእህቴ ስም ላይ ሌላ ስም ተጻፈበት፤ በዚያም ላይ ሌላ፤ በመጨረሻ የቀረው ዘውዴ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ሐበሻ መካከል በ"የ" የሚጀምር አንድ ስም እንኳ መታጣቱ እንዴት አልታየኝም?

ስማቸው ለተዘለለው ሁሉ ጥሪ ተጻፈ። ይልማም ገባ። ትምህርት ቤቱ ግን ያገባች ሴት አይቀበልም ነበር።

በአውቶቡስ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ በጭነት መኪና መሐል ሜዳ፣ ከዚያ በእግር ራቤል ደረስኩ። የውብዳር ከባሏ ቤት ደጃፍ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ታባዝት ነበር። ስታየኝ ደነገጠች።

"ጋሼ! አባባ ምን ሆኑ?"

"ደህና ናቸው። የውብዬ፣ ፈተናውን አልፈሽ ነበር" አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። እጇ ሥራውን አላቋረጠም።

"ታዲያ በስሜ ላይ ሌላ ስም ሲጽፍ አያይም?" አለችኝ።

"ማሽን ነው፤ አያይም።"

"አንተስ?"

ይዤው የመጣሁትን ካርድ ሰጠኋት። "ስሜ የቱ ጋ ነው?" ስትለኝ ቀዳዳዎቹን አሳየኋት። በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸውና መለሰችልኝ።

"ውሰደው። እዚህ ቢያዩት ምንድን ነው ይሉኛል።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለአባባ ነግረሃቸዋል?" አለች።

"ገና ነኝ።"

"እንዳትነግራቸው! ወድቃለች ብለው ተጽናንተው ነው የዳሩኝ። ይህን ቢሰሙ አይተርፉም። ቃል ግባልኝ።"

ቃል ገባሁላት። ያን ጊዜ ብቻ ጠጉሩን ጣለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። አማቷ ከውስጥ ስትጣራ ዓይኗን ጠርጋ "አቤት" ብላ ገባች።

አባባ ከብዙ ዓመት በኋላ ታመው ሲደክሙ አልጋቸው አጠገብ ነበርኩ። "የውብዳርን በጊዜዋ ዳርኳት። በእሷ ነገር የሚቆጨኝ የለም" አሉኝ። እጃቸውን ስሜ "ደግ አደረጉ፣ አባባ" አልኳቸው።

እህቴ ልጆቿን አሳድጋ ድራለች። ይቅር ብዬሃለሁ ትለኛለች፤ አምናታለሁ። እኔን እስከ ዛሬ ከስሕተቱ ይልቅ የሚያመኝ ያ ደብዳቤ ነው። ማንም ሳይጠይቀኝ "ተስፋ አያድርጉ" ብዬ ባልጨምርበት ኖሮ፣ አባባን አውቃቸዋለሁ፣ እስከ ፋሲካ ይጠብቁላት ነበር።