የጠፋችው በቅሎና የአባቴ ምርመራ

ልጅ ሳለሁ፣ ኮምቦልቻ ላይ መብራት የሚጠፋበትን ምሽት ከሌላው ሁሉ አብልጬ እወድ ነበር። አባቴ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፤ በማሽን ጩኸት መሀል ስለሚውሉ ቤት ሲገቡ ብዙም አያወሩም። መብራቱ ድርግም ሲል ግን እናቴ ፋኖሱን ለኩሳ መሀል ታስቀምጣለች፤ አባቴ የከሰሉን ፍም በስንጥር እየቆሰቆሱ ተረት ይጀምራሉ፤ እኔና ታናሽ ወንድሜ ሙሐመድ የላምባው ጭስ ዓይናችንን እየለበለበንም ቢሆን ከአጠገባቸው ንቅንቅ አንልም ነበር።

ከሁሉም ያልረሳሁት በቅሎው ስለጠፋችበት ገበሬ የነገሩንን ነው። ሰውዬው ማልዶ ቢነሳ በቅሎዋ የለችም። አንዱ ጎረቤት «ወደ ቆላ ወርዳለች» ሲለው ቁልቁል ሮጠ፤ ሌላው «ኧረ ወደ ደጋ ነው» ሲለው ዳገቱን ወጣ። በሦስተኛው ቀን ዝሎ ሲመለስ፣ ሚስቱ ከበረቱ ጀምራ ዱካዋን ተከትላ፣ በቅሎዋን ከወንዙ ዳር አምጥታ አስራታለች። ያኔ በሰውዬው ሞኝነት ተንከትክተን ሳቅን። አባቴ አብረውን ስቀው ሲያበቁ ግን፣ «የሮጠውኮ ስለሚወዳት ነው፤ መሬቱን አላየም እንጂ» አሉን። እኔ ነገሩ የገባኝ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

አምና አባቴ ታመሙ። ሽንት ሲሸኑ መቸገራቸውን ከእኔ ደብቀው ከርመው ነበር፤ ለሴት ልጅ የሚነገር አልመሰላቸውም። እናቴ ደውላ ስትነግረኝ፣ እኔ ወደምኖርበትና ወደማስተምርበት ወደ ደሴ አስመጣኋቸው። የደም ምርመራ ተደረገ፤ ከዚያም ከፊኛቸው ሥር ካለው ከፕሮስቴት ዕጢ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ካንሰር ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ቤተሰቡ ደሴ ፒያሳ አጠገብ ካለችው ቤቴ ተሰበሰበ። ጅዳ የሚኖረው ሙሐመድ በስልክ፣ «ዛሬውኑ ውጭ ሀገር ይሂዱ» ይላል። አጎቴ ደግሞ፣ «መሣሪያ ከነካው ይሰራጫል፤ በዱዓ መያዝ ነው የሚሻለው» ብለው ድርቅ አሉ። እኔ ራሴ ከሰው የሰማሁትን የአዲስ አበባ የሕክምና ማዕከል ስም እየጠራሁ እከራከር ነበር። አባቴ ሁላችንንም ሲያዳምጡ ቆይተው፣

«ዘሃራ፣ በሽታው የት ድረስ እንደሄደ የሚያውቅ አለ?» አሉኝ።

«የለም፣ አባዬ።»

«እንግዲያ ወዴት ነው የምትሮጡት?»

ያ በቅሎው የጠፋችበት ገበሬ ትዝ አለኝ። ፊቴ በሐፍረት ጋለ።

ሰኞ ጠዋት ደብተር ይዤ ወደ ሐኪማቸው ሄድኩ። የታዘዘላቸው ተጨማሪ ምርመራ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ውጤቱ ምኑን እንደሚለውጥ፣ ምስሉን ማን እንደሚያነበው ጠየቅሁ። ወጣቱ ሐኪም አልሰለቸም። «ኤምአርአይ የሚባለው የምስል ምርመራ ካንሰሩ ከፕሮስቴቱ ወጥቶ እንደሆነ ያሳየናል፤ የአጥንት ምርመራው ደግሞ አጥንት ደርሶ እንደሆነ። ለሁሉም ታማሚ ሁሉም ምርመራ አይታዘዝም። የአባትዎ ናሙና ግን ሁለቱንም እንድናይ ያስገድደናል። ማዕከሉን የምንመርጠው ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ።

አዲስ አበባ ወርደን ሁለቱንም አሠራን። ውጤቱን የጠበቅንባቸው ቀናት ረጅም ነበሩ፤ አባቴ መቁጠሪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ እኔ ስልኬን አሥር ጊዜ አያለሁ። ሲመጣ ካንሰሩ ከፕሮስቴቱ ጥቂት ወጣ ቢልም አጥንት ላይ አልታየም። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናንም፣ ጨረርን ከሆርሞን መርፌ ጋርም አስረዳን፤ አባቴ ሁለተኛውን መረጡ።

ሁለት የጨረር ማዕከሎች አየን። አንዱ ሕንጻው የሚያብረቀርቅ ነው፤ ማሽኑ ሲበላሽ የታማሚው ተራ ምን እንደሚሆን ስጠይቅ ግን የሚመልስልኝ አጣሁ። ሌላው ኮሪደሩ ጠባብ ነው፤ ሐኪሞቹ ግን የአባቴን ምስል አንድ ላይ ቁጭ ብለው አይተው፣ ጥያቄዬን ሁሉ መለሱልኝ። አዲስ አበባ ለምትኖረው አክስቴ ቤትም ቅርብ ነበር። መርፌውን ደሴ ላይ መውሰድ እንደሚችሉም ነገሩን። ለሙሐመድ ደውዬ ሁሉንም ስነግረው፣ «አብሽሪ፣ እዚያው ይሁን» አለ።

አባቴ ለሳምንታት ከአክስቴ ቤት እየተመላለሱ ጨረሩን ጨረሱ። ደከሙ፣ አልፎ አልፎም ተማረሩ፤ አላቋረጡም። ከወራት በኋላ ሐኪሙ የደማቸውን ውጤት አይቶ፣ «ካንሰሩን የሚጠቁመው መጠን በደንብ ወርዷል። ክትትሉ ግን አይቀርም» ሲላቸው፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ባለፈው ወር ለክትትል ሲመጡ ደሴ መናኸሪያ ጠበቅኋቸው። ከሚኒባሱ ሲወርዱ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ሦስት የቀድሞ የፋብሪካ ጓደኞቻቸው ተከትለዋቸዋል። አባቴ አንድ ቀን ከመስጊድ ሲወጡ የራሳቸውን ሕመም ሳይሸሽጉ ነግረዋቸው ኖሯል።

«ለምርመራ እንዲመጡ ምን ብለው አሳመኗቸው?» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ምንም። የሆንኩትን ነገርኳቸው፤ ከዚያ ሦስቱም እነሱም እንደሚቸገሩ አወሩኝ» አሉኝ።

አሁን አሁን ያን የልጅነቴን ምሽት ሳስብ፣ ከተረቱ ይልቅ የአባቴ አነጋገር ይመጣብኛል፤ ሰውን ሳያሳፍሩ መንገር ያውቁበት ነበር። ያን ዕለት ምርመራ ክፍሉ በር ላይ ከሦስቱ ጓደኞቻቸው አንዱ፣ ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ እኔ ብቀድም ይሻላል መሰለኝ» አሉና ገቡ።